ከብሬንታ ወንዝ ዳር፣ ለአባባ

ፓዶቫ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የፋሲካው ዶሮ እዚህ ድረስ ደርሶኛል ማለት ይቻላል፤ እማዬ በስልክ ቁሌቱን ሳይቀር አስረድታኛለች። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የማስታምማቸው አሮጊትም ደህና ናቸው። ባለፈው ዓርብ ጣሊያኖች ከፋሺስትና ከጀርመን ነፃ የወጡበት በዓል ስለነበር ልጃቸው መጥቶ አብሯቸው ዋለ፤ እኔም አንድ ሙሉ ቀን አገኘሁ። የት እንደዋልሁ በስልክ ብነግርዎ «ጣሊያን ጣሊያን አትበይብኝ» ብለው ያቋርጡኛል። ወረቀት ግን አያቋርጡትም።

የሄድሁት ባሳኖ ዴል ግራፓ ወደምትባል ከተማ ነው። ከፓዶቫ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ሲኬድ፣ ሜዳው አልቆ ተራራው የሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ በብሬንታ ወንዝ ዳር ትገኛለች። ግራፓ የተራራው ስም ነው። ግራፓ የሚባል መጠጥም አላቸው፤ ወይኑ ከተጨመቀ በኋላ ከቀረው ልጣጭ እንደ እኛ አረቄ ያወጡታል። በወንዙ ላይ ባለው ድልድይ አፍ ከ1779 ጀምሮ ይህንኑ የሚሸጥ ቤት አለ። (ዓመቱን ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ፤ የእኛ ሲሆን እነግርዎታለሁ።) አንድ ጠርሙስ ልልክልዎ አስቤ ሐኪሙ ያሉትን አስታውሼ ተውሁት።

ከባቡር ጣቢያው ወደ መሀል ከተማ ስገባ በግራና በቀኝ ክብ ተደርገው የተከረከሙ ዛፎች ያሉበት መንገድ አገኘሁ። በመስከረም 1944 ጀርመኖችና የአገሬው ፋሺስቶች 31 አርበኞችን በእነዚህ ዛፎች ላይ ሰቅለዋል። በየዛፉ ስማቸው ተለጥፏል፤ አብዛኞቹ ገና ልጆች ነበሩ። በዓሉ ስለሆነ አበባ ተደርጎላቸዋል። አባባ፣ ጣሊያን ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ከአንዱ ዛፍ ሥር የቆሙ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሲያለቅሱ አየሁ፤ እኔም ሳላስበው ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ። ይህን ለእማዬ አይንገሯት፤ ታዝንብኛለች።

ድልድዩ እንጨት ነው፤ ጣሪያም አለው። ፓላዲዮ የሚባለው ታላቅ ሐናጺ በ1569 የነደፈው ነው። በ1748 ጎርፍ ወሰደው፣ ሠሩት። በ1813 ጦር አቃጠለው፣ ሠሩት። በ1945 አርበኞቹ ራሳቸው አፈረሱት፤ በ1948 ደግሞ ዳግመኛ ቆመ። ሁልጊዜም ያንኑ የመጀመሪያውን ንድፍ ተከትለው፣ በእንጨት። በድንጋይ ቢሠሩት ኖሮ ይህን ሁሉ ልፋት ይተርፉ ነበር ብዬ አስቤ ነበር፤ ከላዩ ቆሜ ውኃው ሲያልፍ ሳይ ግን ሐሳቤን ቀየርሁ፤ እንጨቱ ከእግር በታች ይንቋቋል፣ ደስ ይላል።

የድልድዩን ስም ሳነብ ነው የቀዘቀዝሁት። የአልፒኒዎች ድልድይ ይባላል። አልፒኒዎች እኮ እርስዎ ከልጅነቴ ጀምሮ «ባለ ላባዎቹ» የሚሏቸው ናቸው፤ ባርኔጣቸው ላይ አንድ ጥቁር ላባ የሚሰኩት የተራራ ወታደሮች። በአድዋ አንድ ሻለቃ ነበራቸው፤ አዛዡ ሜኒኒ እዚያው ቀርቷል። በማይጨው፣ በእኛ መጋቢት 22 ቀን 1928፣ አያቴ የገጠሙት ፑስቴሪያ የተባለውን ክፍለ ጦራቸውን ነበር። ከድልድዩ ሥር ሙዚየም አላቸው። በሩ ላይ ጥቂት ቆምሁ። አልገባሁም፤ ርቦኝም ነበር።

እንግዲህ ስለ ምሳው። ዓርብ እንቁላል በላሁ ስልዎ አይደንግጡ፤ በዓለ ኀምሳ ነው። ባሳኖ የምትታወቀው በነጭ አስፓራገስ ነው፤ እኛ አገር የሴት ቀስት የምንለው ቁጥቋጦ ዘመድ ነው። ጣት የሚያህል ቡቃያ ሲሆን፣ ብርሃን ካየ ቀለሙ ስለሚለወጥ አፈር ከምረውበት ያሳድጉታል። ጫፉ አፈሩን ሰንጠቅ ሲያደርገው በማለዳ ከሥሩ ቆርጠው ያወጡትና በአኻያ ልምጭ ያስሩታል። ድሮ በረዶ ወርዶ ከመሬት በላይ ያለውን ሲያጠፋው፣ አንድ ገበሬ ቢቸግረው ከሥር ያለውን ቆፍሮ በላ፣ ጣፈጠው ይላሉ። ተረትም ቢሆን እርስዎ ያምኑታል፤ የክፉ ዘመን ምግብ እንዴት እንደሚገኝ ያውቃሉና። አቀራረቡ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ቅቅሉን አስፓራገስ ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ያመጡልዎታል፤ እንቁላሉን በሹካ እየፈጩ፣ ዘይትና ኮምጣጤ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ጨምረው ማባያውን የሚያሰናዱት እርስዎ ነዎት። ለስላሳ ነው፤ ትንሽ መረር ይላል፤ ጥርስ አይፈልግም። አጠገቡ ፖሌንታ የሚባል የበቆሎ ገንፎ አለ፤ ቅቤና በርበሬ የሌለው ገንፎ መሆኑ ግን ያሳዝናል። ጣሊያን የሚባል ነገር አልቀምስም የሚሉት እርስዎ፣ ማኪያቶንና መኮሮኒን ከጠላት ዝርዝር እንዳወጡ ስለማውቅ ይህንንም ያወጡት ነበር።

ቤቱ በበዓል እንግዳ ተጨናንቆ ነበር። አስተናጋጇ፣ የቤቱም ባለቤት ናት፣ ሳህን ተሸክማ እያለፈች «ኬ አምባራዳን!» አለች። እንዲህ ያለ ትርምስ አይቼ አላውቅም ማለቷ ነው። ቃሉን ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን አልቻልሁም፣ ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ ስትጠይቀኝ አምባ አራዶም በአገሬ ያለ ተራራ መሆኑን፣ የራስ ሙሉጌታ ጦር የተፈታው እዚያ እንደሆነ ነገርኋት። ሳህኑን አስቀመጠች። ቃሉ ትርምስ ማለት እንጂ የቦታ ስም እንደሆነ አታውቅም ነበር። ሰው ጋብ ሲል ተመልሳ መጥታ አያቷ በላባ ባርኔጣ አቢሲኒያ ዘምቶ እንደነበር፣ ከተመለሰ በኋላ ስለዚያ አንድ ቃል እንዳልተናገረ ነገረችኝ። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ነገር አውርዳ «ይህን ያመጣው እርሱ ነው፤ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

የቀንድ ዋንጫ ነው፣ አባባ። የስንጥር ማስቀመጫ አድርጋዋለች።

ስንጥሮቹን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ «ጠጅ የሚጠጣበት ነው» አልኋት። ገዝቶት ይሁን ከሰው ቤት ወስዶት አላወቀችም። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም፤ ምን ልላት እንደነበር እስካሁን ግራ ገብቶኛል። አፍሬ አይደለም። ተቆጥቼም አይደለም፤ ምግቡ ጥሩ ነበር፣ ሴትዮዋም ደግ ናት። እርሷ ግን ጠየቀችኝ፦ «የአንቺስ አያት የት ነበሩ?» ማይጨው ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ይህን ይመልሱልኝ። አያቴ በማይጨው በየትኛው በኩል ዋሉ? ከማን ጦር ጋር? የመርዙ ጢስ ጀርባቸውን ያቃጠላቸው ያን ዕለት ነው ወይስ ከዚያ በኋላ፣ በሽሽቱ? ስንት ቀን በእግር ሄደው ቤት ገቡ? «ባለ ላባዎቹ» ሲሉ ስለ እነርሱ ሌላ ምን ይሉ ነበር? ወንድሜ አጠገብዎ ተቀምጦ በስልኩ ይቅረጽልኝ፤ እርስዎ እንደሚያወሩት፣ ሳያሳጥር። ቢያለቅሱም አያቁመው።

አስፓራገሱ እስከ ሰኔ 6 ድረስ ይቆያል። ከዚያ በፊት ተመልሼ እንደምሄድ ለሴትዮዋ ነግሬያታለሁ፤ እርሷም ዋንጫውን አጥባ እንደምትጠብቀኝ ነግራኛለች።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ