ጎማውን ያስተንፍሱ፣ መኪናውን አይንኩ

ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፣

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ወደ ኦሞ ሸለቆ፣ ወደ ባሌና ወደ ዳናኪል በራሱ መኪና የሚወርደው ሰው ይበዛል። ከጉዞው በፊት ግን ገንዘብ የሚፈሰው መኪናውን ከፍ በማስደረግ፣ በትልልቅ ጎማና በጣሪያ መብራት ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ሃይሉክስ ወይም ሰባ ሲሪስ ላንድክሩዘር ለእነዚህ መንገዶች ይበቃል። የማይበቃው ለአስፋልት በተሞላ የጎማ አየር ድንጋይና አሸዋ ውስጥ መግባት ነው።

35 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ) የተሞላ ጎማ ስለታም ድንጋይ ሲገጥመው አይታጠፍም፤ ይቆረጣል። ወደ 24 ሲወርድ ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል። ለአሸዋ ከ16 እስከ 18 ጥሩ ነው፤ ጎማው በርዝመቱ ስለሚተኛ ክብደቱ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያርፋል፣ አይሰምጥም። ከ12 በታች ግን መሪ ሲዞር ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። አየር ከተቀነሰ በኋላ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት አይገባም፤ የጎማው ጎን እየተጣጠፈ ይግልና ከውስጥ ይበጣጠሳል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገዛው አንድ ደህና መለኪያና በቀጥታ ከባትሪ የሚያያዝ የ12 ቮልት አየር መሙያ ነው። ከሲጋራ መለኮሻ የሚሠራው ፊውዝ ያቃጥላል። ዳናኪል የሚወርድ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ አዲስ አበባ ላይ የተሞላ ጎማ ከባሕር ጠለል በታች ሲደርስ በከፍታው ልዩነት ብቻ መለኪያው ላይ 4 ያህል ይቀንሳል፣ የአገሩ ሙቀት መልሶ ይጨምረዋል። ስለዚህ ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል፣ እዚያው ይለካ።

ኤል ፎርን፣ ማለትም ቀርፋፋውንና ጉልበታሙን ፎር ባይ ፎር፣ ለመጨረሻው ጭንቅ ማቆየትም ብዙ ፍሪሲዮን አቃጥሏል። በኤች ፎር፣ በፈጣኑ ፎር ባይ ፎር፣ ፍሪሲዮን እያንሸራተቱ ቋጥኝ መውጣት አያስፈልግም። ኤል ፎር የመሳብ ጉልበቱን ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚያሳድገው በአንደኛ ማርሽ መኪናው ነዳጅ ሳይረገጥ ቀስ ብሎ ይሳባል። ቁልቁለቱም በዚያው ማርሽ፣ እግርን ከፍሪሲዮን አንሥቶ ነው፤ ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሰው ታች ሳይደርስ ፍሬኑ ይግልበታል። ኤል ፎር የሚገባው መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ነው። በእጅ የሚዞር ሎክ ያለው ላንድክሩዘር ደግሞ በሁለቱም የፊት ጎማዎች እምብርት ላይ ያለው ሎክ ካልዞረ፣ ማንሻው ቢገባም የፊቱ አይስብም። ሻጮች ቁልፍ ሲያስረክቡ ይህን በተግባር ቢያሳዩ ምን አለበት?

ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚያደርገው የኋላ ዲፈረንሻል ሎክ የሚገባው ጎማ መሽከርከር ከመጀመሩ በፊት፣ በቀጥታ መስመር ላይ ነው። በብዙ ሃይሉክሶች ላይ ግን ሎኩ ሲገባ በከንቱ የሚሽከረከር ጎማን በፍሬን ይዞ የፊት ጎማዎችን የሚያግዘው ትራክሽን ኮንትሮል አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠሉ በመጀመሪያ ያለ ሎክ መሞከር ይሻላል።

ትልቅ ድንጋይ በሁለት ጎማ መሐል አይታለፍም፤ ጎማ ይወጣበታል። በተለይ ሃይሉክስ የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ሞላው ሲጨመቅ ሆዱ አብሮ ወደ መሬት ይወርዳል። የጎን መርገጫዎችም ቡሎናቸው ተፈትቶ ቤት ቢቀሩ ይመረጣል፤ ድንጋይ ሲነካቸው ተጣጥፈው በሩን ይጎዳሉ።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2015 ወዲህ የወጣው ሃይሉክስ የሚሻገረው የውኃ ጥልቀት 700 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ግን ለቆመ ውኃ ነው። ወንዝ በቅድሚያ በእግር ይፈተሻል፤ ሰው የሚያንገዳግድ ውኃ መኪናም ይገፋል። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በመተንፈሻው ውኃ ሊስብ ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ያብርዱት። ከዚያ በኤል ፎር፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ማርሽ ሳይቀየር ይታለፋል። ሞተሩ ውኃው ውስጥ ከጠፋ ፈጽሞ አያስነሡት። ውኃ ስለማይጨመቅ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ቢየላውን (የፒስተኑን ዘንግ) ያጣምማል። በማግስቱ የሞተሩ ወይም የዲፈረንሻሉ ዘይት ሻይ በወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፣ ይቀየር።

በማጎ ፓርክ እንዳለው ያለ ዋልካ አፈር ዝናብ ካገኘው ግን የጎማው አየር ብቻውን አያወጣም። ጭቃው የጎማውን ጥርስ ይሞላውና ጎማው ልሙጥ ይሆናል። ፀሐይ እስኪያደርቀው መጠበቅ ነው።

ለመውጫ አካፋ፣ ክሪክ አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ ወፍራም ጣውላ፣ ጥሩ የመጎተቻ ገመድ ይያዝ። ገመድ ተሳቢ በሚታሰርበት ኳስ ላይ በፍጹም አይታሰር። ኳሱ ሲቆረጥ እንደ ጥይት ተወርውሮ ሰው ይገድላል።

አስፋልት ሲደርሱ መጀመሪያ ጎማው ይሞላ፣ ፎር ባይ ፎሩም ይውጣ። ቤት ሲገቡ የባሌስትራው ማሠሪያ ቡሎኖች ይጠበቁ፣ የአየር ፊልትሮው አቧራ ይራገፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ