የሒሳብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከፍታው የቱ ጋ ነው?

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል በጎነ ሦስት መሠረትና ከፍታ ላይ ከረመ። "ይሄማ የታች ክፍል ትምህርት አይደል እንዴ?" ያሉኝ ባልደረቦች ነበሩ። እውነት ነው፤ ቀመሩን የማያውቅ አባል የለንም። መሠረት ሲባዛ በከፍታ፣ ሲካፈል ለሁለት። ጣጣው የሚመጣው ጎነ ሦስቱ ዘንበል ብሎ ሲሳል ነው። ጥቅምት ላይ እንዲህ ያለ ሥዕል ስሰጣቸው አብዛኞቹ ሁለቱን ጎኖች አባዝተው ለሁለት አካፈሉ። ለእነሱ መሠረት ማለት ከታች የተኛው፣ ከፍታ ማለት ደግሞ ቆሞ የሚታየው ጎን ነበር።

ይህ በዋዛ የሚታለፍ አይመስለኝም። ከፍታ ሁልጊዜ የአንድ መሠረት ከፍታ ነው። ከሦስቱ ጎኖች ደስ ያለንን መሠረት ማድረግ እንችላለን። ከፍታው ከዚያ ጎን ትይዩ ካለው ጫፍ ተነስቶ መሠረቱን በ90 ዲግሪ የሚያገኘው መስመር ነው። መሠረቱ ሲቀየር ከፍታውም አብሮ ይቀየራል።

እሱን በቃል ከመደጋገም ካርቶን ቆረጥን፤ ጎኖቹ 13፣ 14 እና 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ጎነ ሦስት። አባቱ ግንበኛ የሆኑ አንድ አባል ቱንቢና ውሃ ልክ ተውሶ አመጣልን። ጠረጴዛውን በውሃ ልኩ አስተካከልን፣ ካርቶኑን በአንድ ጎኑ አቆምን፣ ቱንቢውን ከላይኛው ጫፍ ለቀቅን። በ14ቱ ጎን ሲቆም ከፍታው 12 ሆነ። በ15ቱ ሲቆም 11.2፣ በ13ቱ ደግሞ 12.9 ገደማ። ሲያባዙት ሦስቱም ጊዜ 168 አካባቢ መጣ። ስፋቱ 84 ካሬ ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ረጅሙ ጎን አጭሩን ከፍታ፣ አጭሩ ጎን ረጅሙን ከፍታ መያዙን ያስተዋለችው አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ማንም ሳይነግራት!

ከሁሉም ያከራከረን ግን ከጎነ ሦስቱ ውጭ የሚወድቀው ከፍታ ነው። ለዚህ የመረብ ኳስ ሜዳውን ተጠቀምን። የመሀል መስመሩና የማጥቂያ መስመሩ ትይዩ ናቸው፤ በመካከላቸው 3 ሜትር አለ። መረቡን አወረድን። አንድ ልጅ የመሀል መስመሩ ጫፍ ላይ፣ ሌላው እዚያው መስመር ላይ 4 ሜትር ርቆ ቆመ። ሦስተኛው ገመዱን ይዞ በማጥቂያ መስመሩ ላይ መራመድ ጀመረ። ከሁለቱ መሀል ትክክል ሲቆም የገመዱ ዙሪያ 11 ሜትር ገደማ ነበር። የሜዳው ሌላኛው ጠርዝ ሲደርስ ከ19 ሜትር አለፈ።

"ስፋቱ ጨመረ!" አሉ ግማሾቹ። "ኧረ ቀጠነ፣ ቀንሷል!" አሉ ሌሎቹ።

መልሱን እንዲሁ ልሰጣቸው አልፈለግኩም። መሠረቱን በጠመኔ አስረዘምነው። ልጁ ከቆመበት ቀጥ ብሎ የሚወርደው መስመር ከመሠረቱ ጫፍ 5 ሜትር አልፎ አረፈ። አሁን ባለ 90 ዲግሪ ትልቅ ጎነ ሦስት አገኘን፤ መሠረቱ 9፣ ከፍታው 3፣ ስፋቱ 13.5። ከዚያ ውስጥ የኛ ያልሆነው ትርፍ መሠረቱ 5፣ ከፍታው 3፣ ስፋቱ 7.5። ሲቀነስ 6 ካሬ ሜትር። መጀመሪያ የነበረውም 4 ሲባዛ በ3፣ ለሁለት ሲካፈል፣ ያው 6! መሠረታቸው አንድ ሆኖ በሁለት ትይዩ መስመሮች መሀል ያሉ ጎነ ሦስቶች ስፋታቸው እኩል መሆኑን ዩክሊድ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት አረጋግጦ ጽፎታል። የኛ ልጆች ሜዳ ላይ ተራምደው ደረሱበት። በዚህ በጣም እኮራለሁ።

የካቲት ላይ ታቦር ተራራ ወጣን። ለሽርሽር ነበር የሄድነው። ሆኖም ላይ ደርሰን የሐዋሳን ሐይቅ ቁልቁል ስናይ አንዱ "የተራመድነው መንገድ የተራራው ከፍታ አይደለም" ሲል ሰማሁት። ግንቦት ላይ የ8ኛ ክፍሎቹ ለሚኒስትሪ ፈተና ስለተጠመዱ ቁጥራችን ሳሳ።

የቀሩት ወረቀት ማጠፍ ያዙ። መሠረቱን በራሱ ላይ ደርበው፣ እጥፋቱ ትይዩ ባለው ጫፍ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። እጥፋቱ ራሱ ከፍታው ይሆናል። ሦስቱንም ሲያጥፉ መስመሮቹ አንድ ነጥብ ላይ ተገናኙ። ሌላ ጎነ ሦስት ሞከሩ፣ ያው ነው። አንዱ ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ሲሰፋ መገናኛው ውጭ ስለሚወድቅ፣ ጎነ ሦስቱን ሳይቆርጡ ሰፊ ወረቀት ላይ መሳል ነበረባቸው። እዚያም ተገናኙ።

"ሁልጊዜ ነው እንዴ ቲቸር?"

አዎ፣ ሁልጊዜ ነው። ለምን እንደሆነ ግን ለመስከረም አሳድሬዋለሁ፤ ማረጋገጫውን ራሳቸው ይፈልጉት። አብራችሁን መፈለግ የምትሹ ተማሪዎች ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ማስመሪያና እርሳስ ይዛችሁ ኑ።