አንዱ ሲወጣና ሁለቱም ሲወጡ ለየቅል ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቅርቡ በጤና ገጻችሁ ስለ አድሬናል ዕጢ ቀዶ ሕክምና ያወጣችሁትን አነበብኩ። ርዕሱን ማንሳታችሁ ደግ ነው። ግን ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ክኒን ይውጣል፣ ስለዚህ በከፊል ማውጣት ይሻላል የሚለው በደፈናው የሚነገር አይደለም። እኔ መሐል ሜዳ ከተማ ፋርማሲ አለኝ። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ አንዲት ደንበኛዬ ጋዜጣውን አጣጥፋ ይዛ መጣች። «የእኔን ለምን ሙሉውን አወጡብኝ?» ብላ ተንሰቀሰቀች። የእሷ የወጣው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ጤነኛ ነው፤ ለዕጢ ብላ የምትወስደው አንድም ክኒን የለም።

ዕጢዎቹ ሁለት ናቸው፣ በእያንዳንዱ ኩላሊት አናት ላይ አንድ አንድ። የእያንዳንዳቸው ክብደት ቢበዛ 5 ግራም ቢሆን ነው። የውጭው ክፍል ያለ እነሱ መኖር የማይቻል ኮርቲሶልና አልዶስቴሮን የሚባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል፣ የውስጡ ልብ የሚያስመታውን አድሬናሊን። አንዱ ቢወጣ ጤነኛው ሥራውን ጠቅልሎ ይይዛል። የወጣው ዕጢ ኮርቲሶል ሲያበዛ የኖረ ከሆነ ግን ሌላው ሥራ ፈትቶ ስለሚቆይ፣ እስኪነቃ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ክኒን ያስፈልጋል። ካንሰር ከተጠረጠረ ደግሞ በከፊል ማውጣት የሚባል ነገር የለም፤ ሙሉው ነው የሚወጣው።

እውነተኛው ጭንቅ ሁለቱም ሲታመሙ ነው። ይሄ በቤቴ ደርሷል።

ታናሽ ወንድሜ ጓሳ አጠገብ ገብስና በግ ይዞ የሚኖር ገበሬ ነው። ድንገት ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ራሱን ይወቅረዋል፤ ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ይለቀዋል። አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ አንዱ ጨጓራ። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ግፊቱ ወርዶ ይጠብቃቸዋል። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሲቲ ስካን ተነሳና በሁለቱም ዕጢዎች ላይ እብጠት ተገኘ። ፊዮክሮሞሳይቶማ ይባላል፤ አድሬናሊን በገፍ የሚረጭ እብጠት ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን «ከዘመድ መካከል የእንቅርት ካንሰር የነበረበት አለ?» ብሎ ነው። እብጠቱ በሁለቱም በኩል ሲበቅል ብዙ ጊዜ በዘር የሚመጣ ነው፤ አንዱ ዓይነት ከእንቅርት ካንሰር ጋር አብሮ ይሄዳል። መንዝ ውስጥ እንቅርት ያልነበረበት ቤት ፈልጉልኝ እስቲ! የትኛው ካንሰር እንደነበር ማን ያውቃል?

ወዲያው ወደ ቢላ አልተሄደም። ሐኪሙ እብጠቱን ሲነካው አድሬናሊኑ ወደ ደም ይጎርፋል፣ ግፊቱም ሰማይ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ገደማ ዶክሳዞሲን የሚባል የግፊት ክኒን ዋጠ፣ ውኃና ጨው አብዝቶ ወሰደ። ከዚያ የቀኙን ሙሉ በሙሉ አወጡለት። ከግራው እብጠቱን ለይተው ከውጭው ክፍል ቁራጭ አስቀሩለት። የደም ሥሩ ሳይጎዳ የአንድ ዕጢ ሲሶ እንኳ ከቀረ ብዙ ጊዜ ለሰው ይበቃል። ወንድሜ ዛሬ ያለ ክኒን ያርሳል።

ነጻ ግን አይደለም። በቀረችው ቁራጭ ላይ በሽታው ሊመለስ ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. በሁለቱም በኩል የታመሙ ከ600 በላይ ሰዎችን የተመለከተ ጥናት ወጥቶ ነበር። ቁራጭ ከቀረላቸው ከመቶው 13 ያህሉ በሽታው ተመልሶባቸዋል። በሕይወት በመቆየት ግን ሁለቱም ከወጣላቸው ጋር ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ወንድሜ በየዓመቱ በሞላሌና በመዘዞ አድርጎ ጣርማ በር ይወጣል፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ግፊቱ ይለካል፣ ደሙ ይመረመራል። ዕድሜ ልኩን ነው። አጨዳ ላይ ሲውልበት የሚያጉረመርመውን አልጽፈውም።

ሁለቱም የወጡላቸው ደንበኛም አሉኝ፤ ልጆች ያደረሱ እናት ናቸው። የእሳቸው ኑሮ በሰዓት የታሰረ ነው። ጠዋት እንደነቁ በኮርቲሶል ፈንታ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ቀን ላይ ይደግማሉ፣ በአልዶስቴሮን ፈንታ ደግሞ ፍሉድሮኮርቲሶን አለ። ሁለቱም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉ ናቸው። ከእኔ መደርደሪያ ግን ሲጠፉ ይከርማሉ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ሌላ ክኒን አለ፤ ሐኪም መጠኑን ካስተካከለው ለኮርቲሶሉ ይተካል። የፍሉድሮኮርቲሶንን ቦታ ግን አይሸፍንም።

ጾሙስ? እማማ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ አልቀምስም ብለው የጠዋቱን ክኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆዩት ነበር። የንስሐ አባታቸው ናቸው ያስተዉአቸው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ሲሄዱም አልከለከልኳቸውም። ክኒኑን ግን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥሬ ነው የሰደድኳቸው። ጠበል በባዶ ሆድ ጠጥቶ ማስመለስ ያለ ነው። ዕጢ የሌለው ሰው ሲያስመልስ ክኒኑም አብሮ ይወጣል። ግፊቱ ይወርዳል፣ ራሱን ይስታል፣ በሰዓታት ውስጥ ሊሞትም ይችላል። ትኩሳት ሲይዘው መጠኑን እጥፍ ማድረግ አለበት። ካስመለሰ 100 ሚሊ ግራም ሃይድሮኮርቲሶን መርፌና ጨውና ግሉኮስ ያለበት፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። መርፌው ለአስም የምንሰጠው ያው ነው። ችግሩ ተረኛው ነርስ «ታይፎይድ ነው» ብሎ ሲመልሰው ነው። ለዚህ ነው ዕጢዎቻቸው እንደወጡ የሚናገር ካርድ በእማማ ደረት ላይ የሚንጠለጠለው፤ በአማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው። ሁለቱም በፊዮክሮሞሳይቶማ ሲታመሙና ሐኪሙ ከቻለ፣ ለእኛ አገር ሰው ቁራጭ ማስቀረቱ ይሻላል። በዓመት አንዴ ጣርማ በርን ማቋረጥ፣ ክኒን በጠፋበት ክረምት ከመጨነቅ ይቀላል። ለክትትል የማይመለስ ሰው ከሆነ ግን እኔም አላውቅም አልልም፤ ሙሉው ይውጣ፣ ክኒኑም ይዘጋጅለት እላለሁ። ውሳኔው የሐኪሙና የታማሚው ነው። ሐኪሙም ታማሚው የት እንደሚኖርና ክኒኑን ከየት እንደሚገዛ ይጠይቅ።

ማስተካከያውን በዚያው ገጽ ብታወጡት ደስ ይለኛል። አንድ የወጣላቸውና ሁለት የወጣላቸው ሰዎች ልዩነት ከላይ በጉልህ ይጻፍ። ቆርጬ ፋርማሲው መስኮት ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ያቺ ደንበኛዬ በየገበያው ቀን በዚያ በኩል ታልፋለች።

ከሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ