ለእማዬ እንዳታነቢላት

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርማችኋል? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። 30 ሺህ ብር ሰኞ ልኬያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

በድምፅ የላክሽልኝን ሦስቴ ሰማሁት። «ፈረንጅ ሆነሽ ቀረሽ፣ ሰርጌን እንኳ ረሳሽው» ያልሽውን። አልረሳሁትም! ቪዲዮው ስልኬ ላይ አለ። እማዬ እስክስታ ስትወርድ ነጠላዋ ከትከሻዋ ሲንሸራተት፣ አንቺ በሙሽራ ልብስሽ ጎንበስ ብለሽ ስታነሽላት፤ እዚያ ጋ እያቆምሁ ስንቴ አየሁት። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልሁሽ ግን ውሸት ነው።

ታምሜ ነበር። የጡት ካንሰር። ቁጭ ብለሽ አንብቢው በሞቴ። በጊዜ ተገኘ፣ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ፣ ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒትም ከፋሲካ በፊት አለቀ። ፀጉሬ በቅሏል። ሌላውን ሌላ ጊዜ።

ቀኑን ቻልሁት፤ የከበደኝ ሌሊቱ ነው። «ብሞት ማን ቢቸና ያደርሰኛል?» ስል ይነጋል። አንዲት ነርስ ዓይኔን አይታ ወደ አንድ ሥልጠና ላከችኝ። ስምንት ሳምንት ነው። ማይንድፉልነስ ይሉታል፤ ቀልብን አሁን ባሉበት ላይ ማሳረፍ ማለት ነው። ጆን ካባት ዚን የሚባል ሰው እዚሁ ማሳቹሴትስ ውስጥ በፈረንጆቹ 1979 የጀመረው ነው። «ጭንቀት ያቀልላል እንጂ ዕጢውን አያጠፋም፤ መድኃኒታችሁን እንዳትተዉ» አሉን ገና ከመጀመሪያው። እንዲያ ስላሉኝ አመንኋቸው።

በመጀመሪያው ቀን አንዳንድ ፍሬ ዘቢብ ሰጡን። እዩት፣ አሽትቱት፣ ምላሳችሁ ላይ አቆዩት፣ ቶሎ አታኝኩት አሉን። ለሌሎቹ ምግብ ነው። ለእኛ ግን ዘቢብ የቁርባን አይደል? እኔ ዲማ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ቆምሁ። የእማዬ ነጠላ ጠረን ሳይቀር መጣብኝ። አለቀስሁ። አስተማሪዋ ዝም በይ አላለችኝም። «የት ጋ ይሰማሻል?» አለችኝ። ጉሮሮዬ ላይ አልሁ። «እንግዲያው እዚያው ይቆይ፤ አንቺ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ።» እኛ ቤት ሰው ሲያለቅስ «ተይ፣ አይዞሽ» እንላለን። ክፋት የለውም። ግን እኔ በዚያ ቀን ሳልከለከል ማልቀስ ነበር የፈለግሁት።

ፍርሃቱ አሁንም ምርመራ ሲቃረብ ይመጣል። መጣህ እለዋለሁ። እግሬ ወለሉን ሲነካ ልብ እላለሁ፣ ትንፋሼን እከተላለሁ። እንቅልፍ የሚወስደኝ ሌሊት አለ። «እመቤቴ» እያልሁ የማነጋውም አለ።

አንቺን ላለማስጨነቅ እስከ መጨረሻው ልደብቀው ነበር። ሐኪሟ ግን «እህት አለሽ?» አለችኝ። አለችኝ ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይህ በሽታ እናቱን ወይም እህቱን የያዘበት ሰው ከሌላው ይልቅ መታየት አለበት አለችኝ። ብሩ ለዚያ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ሄደሽ ታዪ። ባልሽ አብሮሽ ይሂድ። ነገ ዛሬ አትበይ፣ እኔ «ምንም አይደል» ብዬ አራት ወር አሳልፌያለሁ። እማዬንም በሰበብ ይዘሻት ሂጂ። ለእሷ በራሴ አንደበት እነግራታለሁ፤ ድምፄ እስኪጠና ብቻ ታገሺኝ።

ቅዳሜ በጧት እደውላለሁ። ምንም አታውሩኝ። እማዬ ቡና ስትወቅጥ ስልኩን ሙቀጫው አጠገብ አስቀምጪልኝ።

እህትሽ