ባዶውን ትሬለር አንሱልን፣ ሰው ያለበትን ግን እንዳትነኩ

ይድረስ ለተከበራችሁ የካውንቲያችን ኮሚሽነሮች
ሰሜን ካሮላይና

ጤና ይስጥልኝ። የዚህን ደብዳቤ እንግሊዝኛ ለጽሕፈት ቤታችሁ አስገብቻለሁ። በአማርኛም ያወጣሁት ጎረቤቶቼ አንብበውት ስብሰባችሁ ላይ እንዲመጡ ነው። ትሬለር የሚባሉት ተጎትተው የሚቆሙ ቤቶች ባሉበት ፓርካችን የሐበሻ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

ጉዳዬ ባለቤት አልባ ሆነው የቀሩት ትሬለሮች ናቸው። ከእኛ ጎን ያለው ትሬለር ሰው ከለቀቀው ቆይቷል። ሌቦች የመዳብ ሽቦውን ነቅለው ወስደዋል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉ በስብሷል። ከሥሩ የተንጠለጠለው የብርድ መከላከያ (ኢንሱሌሽን) የአይጥ መራቢያ ሆኗል። በሩ አይዘጋም፣ ልጆች እየገቡ ይጫወታሉ። ለፓርኩ አስተዳደር ስንናገር «ንብረቱ የእኛ አይደለም» ይሉናል። ካውንቲው ጋ ስንደውል ደግሞ «ባለቤቱ ማን እንደሆነ አልታወቀም» እንባላለን።

ሁለቱም ሙሉ በሙሉ አልዋሹም። መሬቱ የፓርኩ ነው። ቤቱ ግን ልክ እንደ መኪና ከዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ ቢሮ) የሚሰጥ ታይትል፣ ማለትም የባለቤትነት ወረቀት፣ አለው። ሰው በካሽ ይገዛል፣ ቁልፍ ይቀበላል፣ ታይትሉን ሳያዛውር ዓመታት ይኖራል። ከዚያ ለሌላ ሰው ይሸጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ድሮ የሄደ ሰው ነው።

ማንሳቱም ቀላል አይደለም። ትሬለር ከቦታው ለማንቀሳቀስ ያልተከፈለ ግብር ተከፍሎ ከካውንቲው የግብር ቢሮ ፈቃድ መውጣት አለበት። የፌዴራሉ የትሬለር ግንባታ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1976 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራውን ብዙ ፓርክ አይቀበልም። ማፍረስ ደግሞ ሺዎችን ይጠይቃል። እና ድሃ ሰው ምን ያድርግ? ጥሎት ይሄዳል።

ስቴቱ በ2008 ያወጣው ሕግ መንገድ ከፍቶላችኋል። ካውንቲዎች የተተዉ ትሬለሮችን የሚያስወግዱበት ፕሮግራም ይኑራቸው አይኑራቸው እንዲመክሩበት ያዛል። እሺ ካሉ የጽሑፍ ዕቅድ ያወጣሉ፣ እንዴት እንደሚለዩአቸውና እንደሚያስወግዷቸው ይወስናሉ። እኔም አውጡ ነው የምለው። ከዚህ በላይ መቆየት የለበትም።

የሚያስፈራኝ ግን አንድ ነገር አለ። በሕጉ ትርጉም መሠረት አንድ ትሬለር «የተተወ» ለመባል የግድ ባዶ መሆን የለበትም። ከባድ ጥገና የሚያስፈልገውና ለጤና ወይም ለደኅንነት አደገኛ ነው የተባለም ይገባበታል። ይኼ ማለት አንዲት እማማ የሚኖሩበት፣ ጣሪያው በሸራ የተሸፈነው ቤትም ሊቆጠር ይችላል። በ2018 ፍሎረንስ፣ በ2024 ሄሊን የተባሉት አውሎ ነፋሶች ስቴታችንን ሲመቱ ስንት ቤት እንደተጎዳ ታውቃላችሁ። ጣሪያውን ለመጠገን ገንዘብ ያጣ ሰው ቤቱን ጥሎ ሄደ አይባልም። ስለዚህ በእናንተ ዕቅድ ውስጥ ሰው የሚኖርበት ቤት በዚህ መዝገብ እንደማይገባ በግልጽ ይጻፍ። አደገኛ ከሆነም መጀመሪያ የጥገና እርዳታ ይፈለግለት።

ማስታወቂያውም በፖስታ ብቻ አይሁን። ታይትሉ ላይ ላለው ስም የተላከ ደብዳቤ እኛ ጋ አይደርስም። በሩ ላይ ይለጠፍ፣ በአማርኛና በስፓኒሽ የሚያስረዳ ሰው ስልክ ይኑርበት። የግብር ቢሮአችሁንም ጠይቁ፤ በየጥር ትሬለሩን የሚያስመዘግበው ማን እንደሆነ እዚያ አለ። እግረ መንገዴን ለጎረቤቶቼ፦ ታይትል ያላዛወራችሁ፣ እባካችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ።

የወጪው ነገር ደግሞ አለ። ተከራዩን አስወጥቶ፣ ትሬለሩን እዚያው ትቶ፣ ከጎኑ ካለነው ኪራይ የሚሰበስብ ፓርክ በሕዝብ ገንዘብ በነፃ ሊጸዳለት አይገባም። ቦታው ሲጸዳ አዲስ ትሬለር አስገብቶ የሚያተርፈው እሱ ነው። የኪራይ ጣሪያ ማስቀመጥ ካውንቲ እንደማይችል አውቃለሁ፣ የስቴቱ ሕግ ይከለክላል። ፓርኩ ሂሳቡን የሚጋራበት መንገድ ካለ ግን እባካችሁ ፈልጉ።

ዕቅዱ እስኪጸድቅ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው ግን ኢንስፔክተር ላኩልንና ከጎናችን ያለው ትሬለር በር ይታሸግ። ጋዙም መዘጋቱ ይረጋገጥ።

አክባሪያችሁ፣
የፓርኩ ነዋሪ