ጓሳ ለአያትም ለልጅ ልጅም ይሁን፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሰሜን ሸዋ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ መንዝ ጓሳን ለሦስት ትውልድ ቤተሰብ ስለማመቻቸት

እንደምን ሰነበታችሁ?

ጥያቄዬ አጭር ነው። የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ የሆነውን መንዝ ጓሳን አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ላይ ሄደው የሚያዩት ቦታ አድርጉልን። አሁን ጓሳ የሚወጣው ባመዛኙ ጉልበቱ ያልከዳው፣ ድንኳኑን በጀርባው ያዘለ ሰው ነው። ጉልበቷን የሚያማት አሮጊትና ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ያሉበት ቤተሰብ “እዚያ ብርድ ማን ይወጣል?” ብሎ ይቀራል፤ ገንዘብ ካለው ደግሞ ኬንያን ያስባል።

የእኛም ቤት ክርክር ይኸው ነበር። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ልጆቹን ይዞ ሲመጣ “ዘንድሮ እናታችንን ጨምረን ሁላችንም ሳፋሪ እንሂድ” አለ። ማሳይ ማራ ወይም ሰረንጌቲ ማለቱ ነው። አልፈርድበትም፤ ከሚሊዮን በላይ ዊልደቢስት የሚባል የዱር እንስሳ ሣርና ዝናብ ተከትሎ በታንዛኒያና በኬንያ መካከል ሲተም ማየት ማን ይጠላል? ደግሞም ሳፋሪ ለአዛውንት ይመቻል። አንበሳውም ዝሆኑም የሚታየው ጣሪያው ከሚከፈት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነው። ሒሳቡ ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የሁላችንም የአውሮፕላን ቲኬት፣ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ የሚከፈለው የፓርክ መግቢያ፣ የመኪናው ኪራይ፣ ማደሪያው። ትንንሽ ልጆችን የማይቀበሉ ካምፖችም አሉ፤ በእግር ጉዞማ ብዙዎቹ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይወስዱም። የወባ መከላከያ ኪኒንም አለ፤ እናቴ ደግሞ የምትውጠው የደም ግፊት መድኃኒት ይበቃታል። ክርክሩን የዘጋችውም እሷው ናት፤ “ዝንጀሮ ለማየት ነው አገር የማቋርጠው? ደጃችንን የሞላውን!” ብላ። ተወልዳ ያደገችው መንዝ ጌራ ምድር ነው።

ስለዚህ ጓሳ ሄድን።

የቦታውን ዋጋ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ይሁንና ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ሌላም ሰው ያነበዋልና ጥቂት ልበል። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ውርጫም አምባ ነው። በመላው ዓለም አዋቂዎቹ 500 እንኳ የማይሞሉት፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ እዚያ ይኖራል። ጭላዳ ዝንጀሮው በመቶ እየሆነ ይግጣል። ሰስ አለ፣ ጅብ አለ፤ ከዕፅዋቱም ጅብራው፣ አስታው፣ ሲረግጡት የሚሸተው ጦስኝ። ወባ የለም። አንበሳና ዝሆን ለሚፈልግ ግን ጓሳ አይሆነውም፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ደግ ነው፣ አለዚያ ልጆች “አንበሳው የታለ?” እያሉ ይውላሉ። የወንድሜ ትንሹ ልጅ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ሲጠይቅ የነበረው ይህንኑ ነው።

ጭላዳ ለአዛውንት የተስማማ እንስሳ ነው ብል አጋነነች እንዳትሉኝ። ማራ ላይ አንበሳ ሲያድን ለማየት ሳይነጋ በጨለማ መነሣት አለ። ጭላዳ ግን ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ወጣ ሲል ነው ወደ ሜዳው ብቅ የሚለው። መጀመሪያ ፀሐዩን ይሞቃል፣ እርስ በርሱ ጠጉር ይፈታተሻል፤ ከዚያ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ መብላት ይጀምራል። እኛም ቁርሳችንን በልተን፣ እናቴ መድኃኒቷን ወስዳ፣ ሕፃኗም ጡቷን ጠብታ ደርሰንበታል። እናቴ ባናዋን፣ የመንዙን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ተከናንባ፣ ይዘንላት በሄድነው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቆሎ ትቆረጥማለች። አንድ ወንድ ጭላዳ ጎፈሩን ነፋስ እያመሰው ከፊታችን ሲያልፍ ትንሹ ልጅ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ አይቶ “እማማ፣ ቆስሏል!” አላት። “አልቆሰለም ልጄ፣ ሲፈጠር ነው” ብላ ከቆሎዋ ዘገነችለት።

ረፋዱ ላይ አንዲት ቀይ ቀበሮ በመንጋው መካከል ቀስ ብላ ስትሄድ አየን፤ ጭላዶቹ ከመጤፍም አልቆጠሯት። እዚያው ጓሳ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶው 67 ጊዜ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ወደ 25 ይወርዳል። ይህን አንብቤው ስለነበር ለልጆቹ ነገርኳቸው። እናቴ በበኩሏ “አይጡ ዝንጀሮውን ሲሸሽ ለቀበሮው ይገባለታላ!” አለች። ተመራማሪዎቹ ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ እኮ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲያ አስጎብኚዋ እሷ ሆነች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ የሚነገርለትን የቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም ሕዝቡ ጓሳን በጋራ የሚጠብቅበትን ደንብ፣ ከአባቷ እንደሰማችው ተረከችላቸው፦ የአስቦና የጌራ ዘሮች ጓሳን ለሁለት ተካፍለው እንዴት እንደያዙት፣ የጥበቃው አለቃ አባ ቄራ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ሣሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ሲከፈት አገሩ ማጭዱን ይዞ እንዴት እንደሚወጣ። ሥርዓቱ የፈረሰው ከየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው፤ ኋላ ላይ ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው፣ ክልሉም በሕግ አወቀው። ሰረንጌቲ በ1951 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ፓርክ ሲባል የመንዝ ገበሬ ጓሳን መዝጋትና መክፈት ከጀመረ ቢያንስ 250 ዓመት አልፎት ነበር። ማታ ማደሪያችን ገብተን፣ ከዘመድ ቤት ያመጣነውን ደረቅ የጓሳ ሣር እናቴ ውኃ አርከፍክፋ ጭኗ ላይ እያሸች ገመድ ገመደችላቸው። በቀኝ መዳፏ ወደ ፊት ታሻለች፣ በግራ እጇ አዲስ ሣር ትቀጥላለች፤ አንድም ጊዜ ወደ ታች አላየችም። ልጆቹ ስልካቸውን ጥለው ሞከሩት። የትልቋ ልጅ ገመድ ወዲያው ተፈታ፣ እንደገና አስጀመረቻት።

ክቡራን፣ ሰረንጌቲ በገንዘቡ ብዛት ይህን ሊሰጠን አይችልም። አያትየዋ ባለአገር የሆነችበት፣ እንስሳውንም ሣሩንም በስሙ የምትጠራበት ሳፋሪ የእኛ ነው። ግን አያትየዋ እዚያ መድረስና መቀመጥ አለባት፤ እዚህ ላይ ነው የእናንተ እጅ የሚያስፈልገው።

ጓሳን አቋርጦ ወደ መሐል ሜዳ በሚሄደው መንገድ ዳር መኪና ዞር ብሎ የሚቆምባቸው ጥቂት ቦታዎች ይዘጋጁ። ከነፋስ የሚከልል የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ ሥር መደብ፣ ከዚያም መንጋውን ማየት፤ ሌላ ግንባታ አይፈልግም። ድንጋይና ግንበኛ መንዝ መች ቸግሮት ያውቃል? ከሁሉ በላይ ግን መጸዳጃ ቤት። ይህን በሐፍረት የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው፣ እኔ አላልፈውም። በመንገዳችን ላይ ምሳ የበላንበት አንድ ሆቴል መጸዳጃው ቁልቁል በደረጃ የሚወረድበት፣ ውስጡም መያዣ የሌለው ስለነበር እናቴ ከዚያ በኋላ ውኃ መጠጣት አቆመች። በዕድሜ የገፋ ሰው በዚያ ከፍታ ላይ ውኃ ካልጠጣ ራስ ምታቱና ማዞሩ ይብስበታል። ቀመጥ የሚባልበት፣ በግድግዳው ላይ ብረት መያዣ ያለው፣ ደረጃ የሌለበት አንድ ክፍል ስንት ሰው ከቤት እንዳይቀር ያደርጋል!

መራመድ ለማይችል ሰው ፈረስ አለ። መንዝ የፈረስ አገር ነው፤ ገራም ፈረስና ትዕግሥተኛ ሳቢ ተመርጦ ዋጋው በጽሑፍ ቢለጠፍ ባለፈረሱም ይጠቀማል፣ በየመንገዱ መከራከርም ይቀራል። የአካባቢው ሴቶች የገብስ ቂጣ፣ በሶና ትኩስ የጦስኝ ሻይ ይዘው የሚሸጡበት ቦታ ቢሰጣቸው፣ ባናም ለሌሊቱ ቢያከራዩ፣ ከከተማ የሚመጣ ቤተሰብ ግማሽ ቤቱን ጭኖ አይመጣም።

የዋጋውን ነገር ልጨምር። በሌላ አካባቢ አንድ ፓርክ በር ላይ አያትየዋን እንደ አገር ሰው፣ የልጅ ልጆቿን እንደ ውጭ አገር ጎብኚ አስከፍለውን ያውቃሉ። ደንብ ነው፣ ገብቶኛል፤ ጥበቃውም ገንዘብ ይፈልጋል። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ በር ላይ በፓስፖርት ሲለያይ አያትየዋ አንገቷን ደፋች። እናንተ የቤተሰብ ትኬት የሚባል ነገር አስቡ፤ አያት ያለችበት ቤተሰብ በአንድ ዋጋ ይግባ። እርግጠኛ ነኝ፣ እንዲህ ያለው ቤተሰብ ውስጥ ገብቶ በበግ፣ በባናና በፈረስ ኪራይ የሚተወው ገንዘብ ይበልጣል።

ከፍታውንም አትደብቁ። የልብ ሕመም ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን እንዲያማክር፣ አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን አድሮ እንዲወጣ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ እንደሆነ፣ ውሻ ይዞ መምጣት ለቀበሮው የእብድ ውሻ በሽታ ማምጣት ሊሆን እንደሚችል በአንዲት ወረቀት ጻፉልንና በየመናኸሪያውና በየሆቴሉ ትለጠፍ።

የአካባቢያችንን የጸጥታ ሁኔታ ረስቼ አይደለም ይህን የምጽፈው። መንገዱ በማይታመንበት ሰሞን ማንም እናቱንና ልጁን ይዞ እንዲወጣ አልመክርም፤ መምሪያችሁም “ሰላም ነው፣ ኑ” ከማለት “በዚህ ሳምንት አትምጡ” ማለት ያለበት ቀን አለ። ይህን የሚናገር፣ ሲደወልለት የሚያነሣ አንድ ስልክ ይኑር። ካቡና መደቡ ግን ሰላሙ እስኪሟላ መጠበቅ የለበትም፤ ለመንዝ ወጣት የዛሬ የቀን ሥራ ነው።

ዕቅዱን ስትይዙ መሐንዲስና ባለሙያ ብቻ አትጥሩ። ከመሐል ሜዳና ከዙሪያው ቀበሌዎች እናቶችንና ሽማግሌዎችን ጥሩ፣ ቦታው ድረስ ውሰዷቸው፣ በታሰበው መደብ ላይ አስቀምጧቸው፤ ቁመቱ ስንት እንደሆነ እነሱ ተቀምጠው ሲነሡ ይለካ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት የደብረ ብርሃን ነዋሪ

ግልባጭ፦ ለመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ አስተዳደር