መጋቢት 27 አይታለፍ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። መጋቢት 5 ቀን «ዛሬ በታሪክ» በተባለው ዓምዳችሁ አልበርት አንስታይን የተወለዱበትን፣ ስቲቨን ሀውኪንግ ያረፉበትን ዕለት አስታውሳችሁ ነበር። ደስ ብሎኝ ገጹን ቆርጬ አስቀመጥሁት። መጋቢት 27 ደግሞ ከመድኃኔዓለም ስመለስ ጋዜጣውን ገዝቼ ያንኑ ዓምድ ገለጥሁ። የእንዶዱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ የሉበትም። ያረፉት በ1989 ዓ.ም. በዚያው ዕለት ነው፤ ገና በ61 ዓመታቸው።

ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። በወንዝ ውኃ ውስጥ ባለ ትል ስለሚመጣው በሽታ፣ ስለ ቢልሃርዚያ፣ ሳስተምር ክፍሉ ጸጥ የሚለው እንዶዱ ላይ ስደርስ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ አድዋ ላይ በሽታውን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ደረሱ። ከማጠቢያው በላይ ቀንድ አውጣዎቹ ደኅና ናቸው። ከማጠቢያው በታች ሞተው ይንሳፈፋሉ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነው።

እናቴም ጋቢ የምታጥበው በእንዶድ ነበር። የደረቀውን ፍሬ ስትወቅጥ ብናኙ እያስነጠሰን ከቤት እንሸሻለን፤ ውኃ ሲነካው አረፋው ከገበቴው ሞልቶ ይፈስሳል። ያን አረፋ እናቶቻችን ስንት ዘመን ወንዝ ሲለቁት ኖረዋል። ቁልቁል ወርዶ ምን እንደሚሠራ ጎንበስ ብለው አይተው በቤተ ሙከራ ያረጋገጡት ግን ዶክተር አክሊሉ ናቸው። ትሉ ቀንድ አውጣው ውስጥ ሳያድግ የሰው ቆዳ ሰርስሮ መግባት አይችልም። ቀንድ አውጣው ከሞተ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል መግዛት ለማይችል መንደር ከገዛ አጥሩ የሚለቀም ፍሬ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ከፍሬው የተገኘው ንጥረ ነገር በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። የአባታቸው ስም ነው ኬሚስትሪ ውስጥ የገባው፤ ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ያጨበጭቡ ነበር። «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ሲቀበሉ 1989 እ.ኤ.አ. ደርሶ ነበር። ከአድዋው ወንዝ 25 ዓመት በኋላ! ይህ ርዝመት ዛሬም ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። የተወለዱት መስከረም 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል። ያ ቀን ሲደርስ አስቧቸው። በ1966 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ (የበሽታ ጥናት) ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ፎቶም መረጃም እዚያ ጠይቁ። ብቻ ፎቶና ሁለት ቀን አትማችሁ አትለፉ። ወንዙን ጻፉት፣ አረፋውን ጻፉት፣ ዶክተር ለገሠንም አትርሱ። በእንዶድ ጋቢ ያጠቡ እናቶች ገና በሕይወት አሉና እነሱንም ጠይቋቸው።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ ከደሴ